ሁለት ናቸው ያልሻቸው ጥንዚዛዎች

ውድ እታለም፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናና ሰላም ቀድመውት ከቤትሽ ገብተው ያግኛቸው። እንዴት ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ይወጣልሻል ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ባለፈው ዓመት የላከችልኝን ፎቶ መስታወቴ ጥግ ላይ ሰክቼዋለሁ። አገጯ ቁርጥ ያንቺ ነው፤ ግትርነቱም አብሮ እንደወረደ ያስታውቃል። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ደከም ብሏል፣ አንገቴም ማይክሮስኮፕ ላይ ከማጎንበስ ብዛት እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፤ ከዚህ በቀር ምንም አልሆንኩ።

እማዬን ከቀበርን ወዲህ በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ከመባባል አልፈን አናውቅም። ስለዚህ ይህን የሚያህል ወፍራም ፖስታ ስታዪ ልብሽ ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ። አይዞሽ፣ የሞተ የለም። የታመመም የለም። ተቀምጠሽ አንብቢው፤ እኔ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኝ ክፍሌ ውስጥ ስንጎራደድ ነው የሰነበትኩት።

እታለም፣ ሁለት ናቸው!

ያኔ እንዳልሽው ሁለት ናቸው። አንድ አይደሉም፣ አንድ ሆነውም አያውቁም። ይህን የምልሽ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጉባኤው ሁሉ በዓይኑ አይቶ ፈርሞበታል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። የምታውቂውን ስደግምልሽ ታገሺኝ፤ ይህን ደብዳቤ ልጅሽም እንድታነበው እፈልጋለሁ። እናቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች አንቺ እንደማትነግሪያት አውቃለሁና እኔ ልንገራት።

የነፍሳት ክፍሉ ያኔም አሁንም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ ሁለት መስኮት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የእንጨት መሳቢያዎች፤ በየመሳቢያው በመርፌ የተሰኩ፣ ከሥራቸው ጥፍር የምታህል የጽሑፍ ወረቀት ያለቻቸው ነፍሳት። የናፍታሊኑ ሽታ ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተላል። አንቺ የክፍሉ ሠዓሊ ነበርሽ። ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ጥንዚዛ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠሽ፣ ጠጉሯን አንድ በአንድ ቆጥረሽ በብዕር ትስያት ነበር። ከእጅሽ ጥራት የተነሳ ሰው ሁሉ «መርፌ» ይልሽ ነበር። እኔ ደግሞ በጊዜያዊነት የተቀጠርኩ፣ ብልቃጥ የማጥብ፣ ጠረጴዛ የምወለውል፣ ነፍሳት መሰካት ካንቺ የምማር ታናሽሽ ነበርኩ።

ኃላፊያችን ጋሽ ጨረስኩ ነበሩ። ይህን ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን። ክርክር ሲበዛባቸው «ጨረስኩ!» ይሉና መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ከዚያ ወዲያ እሳቸውን ማናገር ግድግዳ መለማመጥ ነው። ክፉ ሰው ነበሩ አልልም። የተሳሳቱ ሲመስላቸው ግን ከስሕተታቸው ጋር አብረው መቀበርን የሚመርጡ ዓይነት ሰው ነበሩ።

በዚያ ዓመት የብርቱካን አልሚዎች ጭንቅ ላይ ነበሩ። ቅጠሉና ግንዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ተባይ ማሳውን ሁሉ አዳርሶት ነበር። ይህን ተባይ ለቃቅማ የምትበላ ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት ቀይ ነጠብጣብ ያላት፣ ከእስያ በሁለት ሣጥን ተላከችልን። አንደኛው ሣጥን ከቀዝቃዛ ተራራማ ስፍራ የተሰበሰበ ነው፤ ሁለተኛው ከሞቃት የባሕር ጠረፍ። ጋሽ ጨረስኩ ሁለቱንም አየት አደረጉና «አንድ ዓይነት ናት» አሉ። እውነትም ከውጭ ሲያዩዋቸው አንዷን ከሌላዋ የሚለይ ዓይን የለም። ለማራቢያ የተራራውን መረጡ፤ ቶሎ ቶሎ የምትፈለፈለው እሷ ነበረችና።

አንቺ ግን ከየሣጥኑ ወንዶቹን ወስደሽ ሆዳቸውን ሥጋ በሚያሟሟ ፖታሽ አፈላሽና በቀጭን መርፌ የወንድነት አካላቸውን አወጣሽ። (ልጅሽ አትፈር፤ ሥራችን ነው። እማዬ ምን እየሠራሽ እንደሆነ ጠይቃሽ ስትነግሪያት፣ «ሁለት ልጅ ያስተማርኩት ለዚህ ኖሯል!» ብላ ዓይኗ እስኪያነባ ስቃ ነበር።) ጥንዚዛ ከውጭ ቢመሳሰልም እዚያ ላይ አይዋሽም። የተራራው ጫፉ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ የባሕሩ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ። አንቺም ሁለቱንም ሣልሻቸውና ብሩህ ፊት ይዘሽ ወደ እኔ ዞር ብለሽ «ሁለት ናቸው» አልሽኝ። ያን ፊትሽን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስብሰባ ተጠራ። የባሕሩ ወንድ አካል አንድ ስላይድ ላይ ብቻ ነበር የተዘጋጀው፤ ጣት በምታህል ቀጭን መስታወት ላይ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የስላይዱን ሣጥን ስትከፍቺ ቦታው ባዶ ሆነ። ደጋግመሽ ፈለግሽ። ጋሽ ጨረስኩ «የሌለ ነገር ሥለሽ ነው እንዴ የጠራሽን?» አሉሽ። «አንድ ቀን ስጡኝ፣ ሌላ አዘጋጃለሁ» ብለሽ ለመንሽ። «ማጭዱም ሹካውም መርፌሽ ያጣመመው ነው። ጨረስኩ!» አሉና የባሕሩ ሣጥን እንዲቃጠል፣ ሥዕሉም እንዲጣል አዘዙ። አንቺም በዚያው ቀን ለቀሽ ወጣሽ። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ አሁን ያለሽበት ከተማ ሄድሽ፤ ይኸው የሱቅ ማስታወቂያ ሠዓሊ ሆነሽ ቀረሽ።

እኔ ሥራዬ ላይ ቀረሁ። ከሁለት ወር በኋላ ቋሚ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቂውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ የተራራዋን ጥንዚዛ እናራባለን፣ በሺህ የሚቆጠር በቆላ ባሉት ማሳዎች እንለቃለን፣ ሙቀቱ ሲመጣ እንደ ገለባ ትረግፋለች። በየዓመቱ ሪፖርት ላይ «የአየር ጠባዩ አልተመቻትም» ተብሎ ይጻፋል። አልሚዎቹም ተስፋ ቆርጠው መርዝ ይረጫሉ፣ መርዙ ሲያቅተው ዛፋቸውን ይቆርጣሉ። ያን ሪፖርት እኔው ነበርኩ በንጹሕ ወረቀት የምገለብጠው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሙቀቱ እየበረደ ሲሄድ አንዲት ሴትዮ ክፍላችንን በርግዳ ገባች። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና፣ ጫማዋ ላይ የማሳ ጭቃ የደረቀባት። ከባሏ የቀረላትን የብርቱካን ማሳ ብቻዋን የምታለማ ሴት ናት። አንድ ትልቅ የማርማላታ ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ ድም አድርጋ አስቀመጠችና፣ «የጥንዚዛ ሐኪም አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ሐኪም ሳልሆን ሰኪ እንደሆንኩ ነገርኳት። «ሰኪም ብትሆኚ ስሚኝ» አለች። «የምትሰጡን ጥንዚዛ በየዓመቱ ሙቀት ሲመጣ ያልቃል። ሦስት መቶ ዛፍ አለኝ፤ ዛፍ የሚቆርጡ መጋዘኞችን ከነመጋዛቸው አነጋግሬያለሁ። ከውኃ መሳቢያ ሞተሩ ቤት አጠገብ ያሉት ስድስት ዛፎች ግን ቅጠላቸው እንደ መስታወት ያበራል። እነዚህ ናቸው የሞሉባቸው።»

ብልቃጡን አየሁት። ትንንሽ፣ ጥቁር፣ ሁለት ቀይ ነጠብጣብ። የኛዎቹ ናቸው አልኳት። «የናንተዎቹማ ሞቱ!» አለችኝ ተቆጥታ። «እነዚህ አይሞቱም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ዛፎቼ እያለቁ ነውና ማደር አልችልም!»

ለምን እነዚያ ስድስቱ ብቻ ብዬ ጠየቅኳት። የመጠጥ ውኃቸው ከዚያ ስለሚቀዳ በሞተሩ ቤት ዙሪያ መርዝ ተረጭቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ። ጥንዚዛዎቹስ መቼ መጡ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ያለችኝን እንደወረደ ልጻፍልሽ፦ «የዛሬ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሆናል። አንዲት ቀጭን ሴት ሻንጣና የካርቶን ሣጥን ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ‹እነዚህን ዛፍሽ ላይ ልልቀቃቸው? አይነክሱም፤ ሊያቃጥሏቸው ነው› አለችኝ። እያለቀሰች ስለነበር እምቢ ማለት ከበደኝ። ውኃ ሰጠኋት፣ ሣጥኑን ከፍታ ለቀቀቻቸው፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ ሄደች።»

ስሟን አልጠየቅኳትም። አገጯ እንዴት ያለ ነበር ብዬ ብቻ ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ‹አበደች እንዴ?› ብላ አየችኝ።

አንቺ የተረገምሽ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም! ያ ሣጥን ተቃጥሏል ብለን አመድ እንኳ ሳንፈልግ ተቀምጠናል።

ሴትዮዋ እንደወጣች ከብልቃጡ ሦስት ወንዶች አወጣሁ። ስቸኩል ሁለቱን አበላሸሁ። ሦስተኛው በደህና ወጣልኝና በግሊሰሪን ጠብታ ላይ አስተኝቼ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀንኩ። ሹካ ነው እታለም። ጥርት ያለ ሹካ።

ተነስቼ ሃያ ሦስተኛውን መሳቢያ ሳብኩና ከሥሩ የተነጠፈውን ወረቀት ገለጥኩ። ሥዕልሽ እዚያ ነበር። እንዲጣል የታዘዘ ቀን ከቆሻሻ ቅርጫቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠርዙ ቢጫ ከመሆኑ በቀር ምንም አልሆነም። ከማይክሮስኮፑ ጎን ዘረጋሁትና አንድ ዓይኔን እዚህ አንድ ዓይኔን እዚያ አደረግሁ። የሹካው አንዱ ጣት ከሌላው በትንሹ ያጥራል፤ ሥዕልሽም ላይ ያጥራል። ሥሩ ላይ ሰባት ጠጉር አለ፤ ሥዕልሽም ላይ ሰባት። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሥራዬን ጀመርኩ።

ዲግሪ የላትም፣ ሰኪ ናት እንደሚሉኝ ስለማውቅ መውጫ ቀዳዳ ላለመተው ቆረጥኩ። መቶ ስድስት ወንድ ከሴትዮዋ ዛፎች፣ መቶ ስድስት ወንድ ከማራቢያ ክፍላችን፤ በአንድ ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥንዚዛ በእጄ አለፈ። መቶ ስድስቱ ሹካ ነው፣ መቶ ስድስቱ ማጭድ፤ ከመሃል የሚዋልል አንድ አላገኘሁም። ቀጥሎ አዳቀልኳቸው። የማጭድ ወንድ ለሹካ ሴት፣ የሹካ ወንድ ለማጭድ ሴት እየዳርኩ አርባ ብልቃጥ ውስጥ አርባ ጋብቻ ፈጸምኩ። እንቁላል ጣሉ፤ አንድም አልተፈለፈለም። ከወገናቸው የዳርኳቸው ግን ብልቃጣቸውን በልጅ ሞሉት። የማራቢያ ክፍሉ ጠባቂ በበሩ ባለፈ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ዳርሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ታላቄ ብትሆኚም አንድ ነገር ላርምሽ። በሥዕልሽ ኅዳግ ላይ «የባሕሯ ነጠብጣብ ሰፋ ይላል» ብለሽ በእርሳስ ጽፈሻል። ሁሉንም ለክቻቸዋለሁ፤ አይሰፋም። ከሁለቱም ወገን ሰፊም ጠባብም አለ። ከውጭ የሚለያቸው ምንም ነገር የለም። እንግዲህ መርፌም ትሳሳታለች ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ደስ እንዳለኝ አልደብቅሽም።

ጋሽ ጨረስኩ ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ክፍሉን የምትመራው ከሁለታችንም የምታንስ፣ ነገር ሲገባት ጠረጴዛ የምትጠበጥብ ሴት ናት። ውጤቱን ሳሳያት ጠረጴዛውን እየጠበጠበች ሁለቴ አነበበችውና «ጉባኤ ፊት ታቀርቢዋለሽ፤ እኔ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ የምታቀርቢው» አለችኝ። ጋሽ ጨረስኩንም በአማካሪነት ጠራቻቸው። ባለብርቱካኗንም ጠራኋት።

ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል። ወንበር ደገፍ ብዬ ቆምኩ። ገና ርእሱን እንዳነበብኩ ጋሽ ጨረስኩ እጃቸውን አነሱና «ይህ ነገር ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አልቋል» አሉ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «እርስዎ ጨርሰውት ይሆናል ጋሼ፤ ጥንዚዛዎቹ ግን አልሰሙም» አልኳቸው። ጉባኤው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። መርፌ ነው የሚያጣምመው አሉ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ መርፌ በአንድ መልክ አያጣምምም አልኩና ማይክሮስኮፖቹን አቀረብኩ። «ተራ በተራ እየመጣችሁ እዩ፤ ከኔ ቃል አትውሰዱ።»

መጀመሪያ የተነሳችው ባለብርቱካኗ ናት። ጎንበስ ብላ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ቀና አለችና፣ «ይሄ ማጭድ ነው፣ ይሄ ሹካ ነው! ይህን ለማየት ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈጀባችሁ?» አለች። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተሰለፉ። ያየ ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ይመለሳል። በመጨረሻ ጋሽ ጨረስኩ መጡ። መነጽራቸውን አወለቁና አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ዙሪያ የማይክሮስኮፑ ክብ ታትሞበት ነበር። «ያኔ ማስረጃ አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው። «ሠዓሊዋ ባዶ ሣጥን ነው የከፈተችው። ባዶ ሣጥን አይቼ ምን ልል ነበር?»

አዲሷ ኃላፊ ወደ እኔ ዞራ፣ እውነት ስላይዱ አልነበረም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ነበረ» አልኳት። «በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ የት ሄደ?» አለች።

እዚያ ሰው ሁሉ ፊት የመለስኩትን ላንቺ እዚህ ለመጻፍ ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይህን ብቻ ልበልሽ። በስብሰባው ቀን ጠዋት ጠረጴዛሽን የወለወልኩት፣ የስላይዱንም ሣጥን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ሻንጣሽን ስታሰናጂ ጣቴ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ አይተሽ «ምን ቆረጠሽ?» አልሽኝ። «ብልቃጥ» አልኩሽ። ብልቃጥ ግን አልነበረም። እቃሽን ትተሽ ቁስሉን አጠብሽልኝና በንጹሕ ፋሻ አሠርሽልኝ። አውቶቡሱ ሊያመልጥሽ ትንሽ ነበር የቀረው።

እታለም፣ ከዚህ በላይ ብዕሬ አይሄድም። ጉባኤው ግን ሰምቷል፣ በቃለ ጉባኤውም ሰፍሯል። ጋሽ ጨረስኩም ሰምተዋል። ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱና ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ቃላቸውን ሳይሉ ወጡ። በሩ ላይ ደርሰው ግን ተመለሱና አድራሻሽን ጠየቁኝ። ይጽፉልሽ እንደሆነ አላውቅም። ቢጽፉልሽ እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ብትቀጂውም ሰው አይፈርድብሽም።

ውሳኔው በዚያው ቀን ተላለፈ። የተራራዋ ጥንዚዛ መራባቷ እንዲቆም፣ የባሕሯ እንድትራባ። ክረምቱን ሙሉ ማራቢያ ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ሲተራመስ ከረመ። ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት በአሥራ አራት ማሳ ላይ ለቀቅናቸው፤ ባለብርቱካኗ ከማንም በፊት መርዙን አቁማ ጠበቀችን። መጋዘኞቹን «እስከ ሙቀቱ ማብቂያ ታገሱኝ» ብላቸው ነበር። ሙቀቱ መጣ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በየጠዋቱ መጀመሪያ የማየው ቴርሞሜትሩን ነበር። ከአሁን አሁን «እንደ ልማዳቸው ረገፉ» የሚል ስልክ ይደወላል ብዬ ስጠብቅ፣ ስልኩ ሳይደወል ሁለት ወር ሞላ።

ከትናንት ወዲያ ቆጠራ ወጣን። አናት የሚበሳ የቀትር ፀሐይ ነው፤ መኪናው ውስጥ ያለው ብረት እጅ ያቃጥላል። ባለብርቱካኗ ማሳው በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ፊቷ ላይ አንዳች አይነበብም። ክንዴን ይዛ እየጎተተች ማሳው መሃል አስገባችኝ፤ ከሞተሩ ቤት ርቃ፣ አምና ቅርንጫፉ ደርቆ ያየሁት ዛፍ ሥር አቆመችኝ። «ገልብጪ» አለችኝ።

ቅጠሉን ገለበጥኩት። ጥንዚዛዋ አለች። ሌላውን ገለበጥኩ፤ ሦስት ናቸው፣ አንዷ ተባዩን ይዛ ትቆረጥማለች። ግንዱ ላይ ይሄዳሉ፣ ቅርንጫፉ ላይ ይሄዳሉ፣ ክንዴ ላይ ወጡብኝ። ከሥር የወጣው አዲስ ቅጠል ንጹሕ ነው፤ ብርቱካኑ ጫፍ ጫፉ ላይ አብቧል። በዚያ ሁሉ ሙቀት እታለም! በሃያ ዛፍ ላይ ቆጠርኩ፤ ከለቀቅነው አራት እጥፍ ሆነው ቆይተውኛል። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ባለብርቱካኗ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጎረቤቶቿን ተጣራች፤ ከየማሳው እየሮጡ መጡ፤ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ልጁ ሁሉ ቅጠል እየገለበጠ «እኔም ጋ አለ! እኔም ጋ አለ!» ይባባላል። መጋዘኞቹም መጥተው ነበር። አንደኛው መጋዙን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቅጠል ገልብጦ አየና፣ «እንግዲህ ሥራ ፈታን» ብሎ ሳቀ። ባለብርቱካኗ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ያቺ የአውቶቡሷ ሴት ማን ነበረች?» አለችኝ።

«እህቴ ናት» አልኳት። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ካልኩት ስንት ዓመቱ!

ሦስት መቶው ዛፍ አይቆረጥም። የጎረቤቶቿም አይቆረጥም። ከሌሎቹ አሥራ ሦስት ማሳዎችም ወሬው ተመሳሳይ ነው። ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ በብዕርሽም፣ ከእሳት ባወጣሽው ካርቶንም። ልጅሽ ይህን ታንብብ። ጮክ ብላ ታንብበው፤ ባለቤትሽም ይስማ።

አሁን ከፖስታው ውስጥ ያለውን ሌላ ወረቀት አውጪ። ሹካዋ ጥንዚዛ እስካሁን በማንም ያልተመዘገበች አዲስ ዝርያ ሆና ተገኝታለች፤ በዓለም ጥንዚዛ አጥኚዎች ዘንድ ስም የላትም። ጽሑፉ በሚቀጥለው ወር ይታተማል። ሥዕሉ ያንቺው ሥዕል ነው፤ አንድ ነጥብ አልጨመርንበትም። የደራሲዎቹ ስም ሲጻፍ ያንቺ ከላይ ነው፣ የኔ ከሥር። አዲሷ ኃላፊ ከሁሉም በታች ይበቃኛል ብላ ከሥሬ ገብታለች። በላይኛው መስመር ላይ ፈርሚ። መፈረም ባትፈልጊም ስምሽ ከዚያ አይነሳም፤ ይህን አስምያለሁ።

የጥንዚዛዋን ስም የሚያወጡት ደራሲዎቹ ናቸው። አዲሷ ኃላፊ «ምን እንበላት?» ብላ ስትጠይቀኝ ቦታውን ባዶ ተይው አልኳት። እኔ ስም የማወጣላት ሰው አይደለሁም። ደስ ያለሽን ስም ጻፊላት፤ የልጅሽንም፣ የእማዬንም፣ ካሻሽ የጎረቤትሽን ድመት ስም። ማንም አይከራከርሽም። ወረቀቱን በፖስታ ብትልኪው ይደርሳል። ራስሽ ይዘሽው ብትመጪ ግን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ላትመጪም ትችያለሽ። ባትመጪ አልከፋም፤ የመከፋት መብቱ የኔ አይደለም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ እጅሽን እንደ ጥንቱ ያቆይልሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጣ። ልጅሽ ካንቺ የሚበልጥ ነገር ሠርታ አይተሽ ደስ ይበልሽ፤ ባለቤትሽን ሳሉ ይልቀቀው። ያለሽበት ቀን ሁሉ ብሩህ ይሁን፤ የኔን ቀን አብርተሽዋልና።

ታናሽ እህትሽ፣
እንዲህ ብዬ መፈረም አሁንም ከፈቀድሽልኝ